የጨው አጥር

ኦስሪክ ዎልድ የሞተው ጥቁር ካባውን እንደ ለበሰ፣ በገዛ እጁ ባሰመረው የጨው ክብ መሀል በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ሲወድቅ ካባው ወደ ላይ ተገልቦ ስለ ነበር ከሥሩ የለበሰው፣ ላስቲኩ የላላ ግራጫ ቱታ ይታያል። ኢንስፔክተር ኖራ ሃልኬት የቤተ ጸሎቱን ደፍ አልፋ እንደ ገባች ዓይኗ ያረፈው ካባው ላይ ሳይሆን ቱታው ላይ ነው።

«ይሄ ነው እንግዲህ የሰሜን ነቢይ?» አለች።

«እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ኪት ፕላምሌይ ነው፣ አለቃ» አለ ሳጅን ቦይስ። «አባቱ ክሮይደን ውስጥ ምንጣፍ ይሸጡ ነበር።»

«ምንጣፍ መሸጥ ምን ነውር አለው? ስም የሚያስለውጥ ነገር አላየሁበትም።»

በሊንከንሻየር፣ ብራክስቢ በምትባለው መንደር ያለው ይህ ሕንፃ የሜቶዲስቶች ቤተ ጸሎት ነበር። አግዳሚዎቹ ተሸጠዋል። መስበኪያው በነበረበት ቦታ የአጋዘን ራስ ቅል ተሰቅሏል፤ ከአንዱ ቀንድ ላይ የተገዛበት መደብር ዋጋ የጻፈባት ወረቀት ገና አልተነሣችም። የቀረው የድሮ ዕቃ በግድግዳው ጥግ የቆመው የቁርባን ጠረጴዛ ብቻ ነው። ቦይስ የኖራን ቦርሳ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ሊያኖረው ሲል «መሬት አድርገው» አለችው። የኖራ አባት የእንዲህ ያለ ቤተ ጸሎት አገልጋይ ነበሩ። እሷ እምነቱን የተወችው ገና በልጅነቷ ነው። ቢሆንም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቦርሳ አታስቀምጥም።

ሬሳው አጠገብ ከባድ የብረት መቅረዝ ወድቋል። የተመታው ከኋላው፣ ማጅራቱ ላይ ነው። ከፊቱ ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ጽዋና ሻማ አለ። ኖራ በርከክ ብላ ክቡን እየዞረች አየችው። ጨዉ ወፍራም፣ ግራጫ የባሕር ጨው ነው፤ አውራ ጣት በሚያህል ውፍረት ተሰምሯል። በበሩ በኩል አንድ የቤት ጫማ ሲገባም ሲወጣም በትኖታል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ግን ሌላ ነገር አለ። እዚያ ክንድ የምታህል ቦታ ላይ መስመሩ ሳስቷል። ግራና ቀኙ የወለሉ ሰም በስለት ጫፍ ተጭሯል፤ ከክቡ ውጭ ደግሞ አቧራው ላይ የጉልበት ምልክት አለ። መውጫው በር አጠገብ ካለው መስኮት ደፍ ላይ እጀታው ጥቁር የሆነ ቢላዋ ተቀምጧል፤ ንጹሕ ነው።

«ታየሽ?» አለ ከኋላዋ ዋና ኢንስፔክተር ላምበርት፣ የተበተነውን ጨው በጣቱ እያመለከተ። «የሚስትየው ጫማ ነው፤ ራሷም አልካደችም። ትናንት ሲጨቃጨቁ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ጋዜጠኞቹ ከሎንዶን እየመጡ ነው፣ ኖራ። ሳይመሽ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነች እኮ። ሳትረግጥ እንዴት ትደርስበታለች?»

«እንግዲህ እስኪመሽ ሌላ ሰው ካገኘሽ አሳዪኝ።»

ሂላሪ ፕላምሌይ የመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርት ነች። ዛሬ በካቴና ከዚህ ቤት ከወጣች፣ ነገ ነፃ ብትባል እንኳ የትምህርት ቤቱ በር ዳግም እንደማይከፈትላት ላምበርትም ያውቃል። እሱን ግን እንቅልፍ አይነሣውም።

ኖራ ሂላሪን ያገኘቻት ከቤተ ጸሎቱ ጋር በተያያዘው፣ ቀድሞ የቤተ ጸሎቱ አገልጋይ ይኖርበት በነበረው ቤት ኩሽና ውስጥ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ይዛ እንደ ተቀመጠች ነው። አላለቀሰችም።

«ስንገናኝ ኪት ነበር» አለች። «ጊታር ይዘው የሚጮኹ አራት ልጆች ነበሩ፤ ማንም አልሰማቸውም። ከዚያ አይስላንድ ሄደና ጉንፋን ይዞት ተኛ። ሲመለስ ‹ጥንታውያን አማልክት አናገሩኝ፣ ስሜ ኦስሪክ ነው› አለኝ። ትኩሳት ነው አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ዘፈን አወጣበት። አንድ ጊታር፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ የእግር ኦርጋን፣ ከዚያ ቀብር የሚያረዳ በሚመስል ድምፅ ስለ ደምና ስለ በረዶ ማውራት። ኒዮፎክ ይሉታል። ጥቁር ሸሚዝ ለበሰ፣ ደረቱ ላይ የድሮ ወታደር ምልክት ሰካ። ‹ፋሺስት ነህ ወይ?› ብለው ሲጠይቁት ‹እኔ ጥያቄ አነሣለሁ እንጂ መልስ አልሰጥም› ይላል። ሃያ ዓመት አልመለሰም። ቢመልስማ ሸሚዙን ማን ይገዛዋል?»

«ማኅበሩስ?»

«የሰሜን ደጅ ማኅበር!» ሂላሪ በአፍንጫዋ ሳቀች። «ዛሬ የቀሩት ሁለት አባላት ናቸው፤ አንዱም ለከበሮው ሲል ነው የሚመጣው። ከክቡ የሚወጣ ሰው ቢላውን ከጠረጴዛው አንሥቶ በሰሜን ምሥራቅ በኩል በር ይከፍታል፤ ሲወጣ ይዘጋዋል። መስመሩን በእግሩ የረገጠ ወይም እጁን በላዩ የዘረጋ ሰው ግን፣ ውስጥ ያለው ነገር ተከትሎት ይወጣል። እንዲህ ብሎ ነው የሚያስተምራቸው።»

«እሱ ራሱ እንዲህ ያደርጋል?»

«ሰው ካለ። ሰው ከሌለማ ዘሎት ነው ሽንት ቤት የሚሄደው። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነበር፣ ኢንስፔክተር። ትናንት ውጣልኝ ብዬዋለሁ፤ ቤቱ ከአክስቴ የወረስኩት ነው። ልገድለው ከሆነ ግን ውጣ ማለት ምን ያደርግልኛል?»

በዚያ ጠዋት ከባልና ሚስቱ ጋር ቁርስ የበሉት ሦስት እንግዶች ናቸው፤ ለአዲስ ዘፈን ልምምድ የመጡ። ከቁርስ በኋላ እያንዳንዱ ለብቻው ስለ ነበር ለማንም መመስከር የሚችል የለም።

ከበሮ መቺው ትሬቨር አስክዩ የተገኘው ምድር ቤት፣ የውኃ ማሞቂያው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

«መፍቻውን ያቀብሉኝማ፣ የኔ እመቤት። አይ፣ ትልቁን። ... ምን ልበልዎ? ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ምት መታሁ። ድም፣ ድም፣ ድም። ሕፃን ልጅ ይመታዋል። ግን ላይፕሲግ ስንሄድ ጥቁር የለበሱ ጀርመኖች ያለቅሳሉ። ሰው ካለቀሰልህ ደግሞ ቅዳሜን ሶፋ ላይ ከመተኛት ይሻላል።» ድንገት ከት ብሎ ሳቀ። «ሶፋ ስል! ሰምተዋል አይደል? ‹የአጋዘኑ ጸሎት› የሚለውን ዘፈናችንን ለሶፋ ማስታወቂያ ሸጦታል። የተቀደሰው ዘፈን እኮ ነው፤ በዓመት አንዴ፣ ተንበርክከን የምንዘፍነው!»

«እንዴት አወቁ?»

«አሳታሚያችን ጁልያን ነዋ ቁርስ ላይ ያበሠረን። እኔ ሻይ ትን አለኝ። ኦርጋን ተጫዋቹ፣ ምስኪኑ ኔቪል ግን እንቁላሉን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።»

«ከክቡ እንዴት ነው የሚወጡት፣ ሚስተር አስክዩ?»

ትሬቨር ከማሞቂያው ሥር አንገቱን አውጥቶ አያት። «በእግሬ ነዋ! በምን ልውጣ?»

ጁልያን ፔቨረል የዘፈን ሸክላዎቻቸው አሳታሚ ነው። ስልክ የሚይዘው መንገዱ ዳር ብቻ ነው ብሎ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ ሐር ጠቅልሏል። ሸክላዎቹን በጥቁር የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ከጥንት መቃብር ከተዘገነ ጥቂት አፈር ጋር ይሸጣል።

«ከየትኛው መቃብር?» አለች ኖራ።

«ከጓሮዬ። በአንድ ወቅት ድመት ቀብሬበታለሁ፤ ስለዚህ ውሸት አይባልም።»

«ያምኑበታል?»

«ኢንስፔክተር፣ እኛ ድባብ ነው የምንሸጠው። እምነት መደርደሪያ ላይ አይቆይም።»

«ሞቱ ለእርስዎ ጥሩ ገበያ ነው።»

«በጣም። ግን የካቲት መጥፎ ወር ነው። ከገና በፊት ቢሆን ኖሮ...» ፊቷን አይቶ ወደ ስልኩ አቀረቀረ።

የመጨረሻው ኔቪል ክራብ ነው፤ ጸጉሩ የሳሳ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ድሮ መነጽር ቤት ይሠራ የነበረ ሰው። በማኅበሩ ውስጥ ወንድም ዉልፍስታን ይባላል። ከቤተ ጸሎቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የእግር ኦርጋኑን ወናፍ ሲጠግን ነበር። ኖራን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ፖሊሶቹ እዚያ ውስጥ እንደ ልባቸው ይረማመዳሉ?» ሲል ጠየቀ።

«ሥራቸው ነው።»

«ክቡ ግን አልተፈታም። በሥርዓቱ ሳይፈታ...» በመሐረብ ወናፉን መጥረግ ቀጠለ።

«በማኅበሩ ብዙ ቆይተዋል?»

«አሥራ ሁለት ዓመት። ሰባተኛው ደጅ ደርሻለሁ። ከእኔ ሌላ የደረሰ የለም።»

«ሰባተኛው ደጅ ምንድን ነው?»

«ወደ ኋላ ያለማየት ነው። የሚመጣው ፈተና ምንም ይሁን ምን ዞር አይባልም። የእኔ ፈተና እናቴ ነበረች። ሆስፒታል ሆና ስታስጠራኝ መምህሩ ኦስሪክ ‹ይሄ ነው ደጁ፤ ከሄድክ ይዘጋል› አለኝ። አልሄድኩም። ቀብሯም ላይ አልነበርኩም።»

«የት ነበሩ?»

«ላይፕሲግ» አለ ኔቪል። «ኦርጋኑን ስጫወት።»

ኖራ ኮሪደሩ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻዋን ቆመች። ከዚያ ቦይስን ጠርታ «ኩሽና ሂድና ከሚስዝ ፕላምሌይ ጨው ለምንልኝ» አለችው። «ያላትን በሙሉ።»

ሬሳው ተወስዶ ነበር። የመጀመሪያው ክብ በፖሊስ ገመድ ታጥሯል። ከእሱ ራቅ ብሎ፣ በቤተ ጸሎቱ ሌላኛው ጫፍ፣ ቦይስ እየተነጫነጨ በኩሽና ጨው ሁለተኛ ክብ አሰመረ። መሀሉ ላይ ጠረጴዛ አቆመ፤ ጠረጴዛው ላይ አራት የምስክርነት ቃል ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ አኖረ። አራቱም ሰዎች በግድግዳው ጥግ በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ላምበርት ካፖርቱን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ቆሞ ደጅ የቆመችውን መኪና ያያል።

«በጫማው ልጀምር» አለች ኖራ። «ሚስዝ ፕላምሌይ ባሏን ለምሳ ልትጠራ መጣች። ወድቆ አየችው፣ ሮጣ ገባች፣ ሮጣ ወጣች። ጨው መኖሩን እንኳ ልብ አላለችም። በየሳምንቱ በመጥረጊያ የምትጠርገው ነገር ነው። ታዲያ ማንም ሰው ገድሎ ሲወጣ እንደዚያው ነው የሚወጣው። ይደነግጣል፣ ይረግጣል፣ ይሮጣል። የዚህ ቤት ገዳይ ግን አልሮጠም።»

«እንዴት ወጣ ታዲያ?» አለ ትሬቨር።

«በጨዋ ደንብ። ከጠረጴዛው ቢላውን አነሣ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ጨውን በቢላው ጫፍ ገፋ አድርጎ በር ከፈተ፤ ሁለቱ ጭረቶች እዚያ አሉ። ወጣ። ከዚያ ውጭ ተንበረከከና ከግራና ከቀኝ እየቆነጠረ ክፍተቱን ሞላው። ለዚህ ነው መስመሩ እዚያ ቦታ ላይ የሳሳው።»

«እኛን ለማስጠርጠር የተደረገ ከሆነስ?» አለ ጁልያን።

«ሊያስጠረጥር የፈለገ ሰው እንዲታይ ያደርገው ነበር። ይሄኛው ግን ጉልበቱ አቧራ ላይ እስኪታተም ተንበርክኮ፣ ክቡ ሙሉ እንዲሆን ነው የደከመው። ቢላውንም አስቡት። ወደ ጠረጴዛው ለምን አልመለሰውም? ክቡ ተዘግቷላ! በተዘጋ ክብ ላይ እጅ አይዘረጋም። ጠርጎ መስኮቱ ላይ ትቶት ሄደ። ሬሳ ከኋላው ጥሎ እየወጣ፣ በሩን ዘግቶ የሄደ ሰው ነው የምፈልገው።»

ላምበርት ከበሩ አጠገብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኖራ፣ ሁሉም የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ይሄን ያውቁታል።»

«ያውቁታል። የሚያምነው ማነው ነው ጥያቄው። ሟቹ ራሱ አያምንም ነበር፤ ሰው ከሌለ ይዘለዋል። ሚስቱ ትጠርገዋለች። ሚስተር አስክዩ በእግሩ ይወጣል። ሚስተር ፔቨረል የድመት መቃብር ይሸጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ሲዘፈንበት፣ ሲለበስበት፣ ሲሸጥበት ኖሯል፤ ያመነበት አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ነው።» ወደ ጠረጴዛው አመለከተች። «ቃላችሁ እዚያ ነው። እየገባችሁ ፈርሙ። ከዚህ ሌላ ማስረጃ የለኝም፤ አልዋሻችሁም።»

ትሬቨር ትከሻውን ነቅንቆ ተነሣ፣ በከባድ ጫማው ጨውን ረግጦ ገባ፣ ፈረመ፣ ረግጦ ወጣ። ጁልያን ጫማው እንዳይነካ ሱሪውን ሰብስቦ ተራመደው። ሂላሪ በቤት ጫማዋ ቀጥ ብላ ሄደች፤ መስመሩንም አላየችው።

ኔቪል ክራብ መስመሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

«ይርገጡት፣ ሚስተር ክራብ» አለች ኖራ በለሆሳስ። «የኩሽና ጨው ነው። ሳጅን ቦይስ ነው ያሰመረው፤ ሲያሰምርም ይሳደብ ነበር። ሦስቱም ተሻግረውታል።»

«አውቃለሁ» አለ። «ምን እየጠየቁኝ እንደ ሆነም አውቃለሁ።»

የቀኝ እግሩን አነሣ። የተወለወለው ጫማ ከጨው በላይ ትንሽ ቆየ። መልሶ አስቀመጠው። ሰው ሁሉ እያየው ክቡን ዞሮ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ተንበረከከ።

«ኔቪል! ተው እንጂ፣ አንተ ጅል!» ብሎ ጮኸ ትሬቨር። «ጨው እኮ ነው!»

ኔቪል ቢላ ስላልነበረው በሌባ ጣቱ ጨውን ከፈለው። ገባ። ወረቀቱን አልፈረመም።

«ስለ ሶፋው ልጠይቀው ነው የሄድኩት» አለ ለኖራ ብቻ እየተናገረ። «ዘፈኑ ቅዱስ ነው ብለኸኝ አልነበር ወይ አልኩት። ሳቀ። ‹አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አልገባህም?› አለኝ። እናቴስ አልኩት። ፈተናውስ? ሻማውን ሊለኩስ ጀርባውን እየሰጠኝ፣ ‹ላይፕሲግ ላይ ኦርጋን የሚጫወትልኝ ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው እኮ፣ ኔቪል› አለኝ። መቅረዙ እጄ አጠገብ ነበር።»

ሂላሪ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ላምበርት ከካፖርቱ ኪስ ካቴናውን አወጣ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ኖራ። «እሱ ሲያታልልዎት እንደ ኖረ ካወቁ በኋላ በሩን ለምን ዘጉት? አሁንስ መርገጥ ለምን አቃተዎት? ቢረግጡት ኖሮ ቤትዎ ይሄዱ ነበር።»

ኔቪል ወደ ነጩ መስመር አየ።

«ጨው ብቻ ከሆነ» አለ፣ «እናቴ ብቻዋን የሞተችው ለጨው ነው ማለት ነዋ።»

ኖራ ስትጠብቀው የነበረውን ንቀት ውስጧ ፈለገችው፤ ለሟቹና ለአሳታሚው የሚበቃ ሞልቷል፣ ለዚህ ሰው ግን አልተረፈም። ቦይስ ሊጎትተው ሲንደረደር በእጇ አገደችው። ኔቪል በከፈተው በር ወጣ፣ ተንበረከከ፣ እየቆነጠረ ዘጋው፣ ከዚያ ሁለት እጁን ለካቴናው ሰጠ። ለሂላሪ የመጣችው መኪና እሱን ይዛ ሄደች። ላምበርት ሂላሪን ይቅርታ ሳይጠይቅ ከኋላ ወንበር ገብቶ አብሮት ሄዷል።

ጁልያን ፔቨረል ወደ ሁለተኛው ክብ ጠጋ ብሎ በሐሩ ጫፍ አፉን ጠረገ።

«ሚስዝ ፕላምሌይ፣ ይሄን ጨው ሊሰጡኝ ይችላሉ? በትንንሽ ብልቃጥ አድርጌ ከመጨረሻው ሸክላ ጋር... ነፍሰ ገዳዩ የተያዘበት ክብ እኮ ነው።»

«የሾርባ ጨዌ ነው» አለች ሂላሪ።

«ማን ያውቃል?»

ሂላሪ መጥረጊያና አፈር ማፈሻ አምጥታ ጨውን ከዳር እስከ ዳር ጠረገችው፤ ኔቪል የዘጋውን በርም አብራ። ውጭ በረዶ ጥሎ ደረጃው እንደ መስተዋት ሆኗል፤ ትሬቨር የዕቃ ሣጥኑን ተሸክሞ ሲወርድ ሁለቴ ተንሸራቷል። ሂላሪ ደፉ ላይ ቆማ፣ በረዶውን እንዲያቀልጠው ጨውን በሙሉ ደረጃው ላይ በተነችው።

«ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ኢንስፔክተር» አለች። «አሁን አያንሸራትትም።»